አባባን ያየህበት ጠዋት

ሊንደንሮዳ፣ ከጣቢያው ፎቅ
ጭጋጉ በወረደበት ሰሞን

ለምወድህም ለምቀየምህም ወንድሜ፤

እንደምን ሰነበትክ? ጤናህ እንዴት ነው? ወገብህ ተሻለህ ወይስ ዛሬም ጠዋት ጠዋት አልጋህን ተደግፈህ ነው የምትነሣው? እንቅልፍ ይወስድሃል? የተከራየኸው ክፍል ማሞቂያ ይሠራል? ይህን ሁሉ በስልክ ልጠይቅህ ስንቴ ሞከርኩ። ስልክህ ይጠራል፣ ይጠራል፣ ከዚያ ዝም ይላል። አጠገቡ ተቀምጠህ እያየኸው እንደሆነ አውቃለሁ። ታላቅህ ነኝ፤ አፍህን ሳትፈታ ጀምሮ ኩርፊያህን ለምጄዋለሁ። ስለዚህ ጻፍኩልህ። ደብዳቤ ባታነሣውም አይዘጋም፤ ጠረጴዛህ ላይ ተቀምጦ ይጠብቅሃል።

እኛ ከጉልበት ሕመምና ከጭጋጉ በቀር ደህና ነን። እማዬ ትበላለች፣ ትጠጣለች፣ ጨው አበዛሽ እያለች ትጨቀጭቀኛለች። እኔም ከፋርማሲው ስመለስ እግሬን ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክሬ እሰማታለሁ። ጭጋጉ ዘንድሮ ቶሎ መጣ። ከወጥ ቤቱ መስኮት ሁለተኛውን መሳፈሪያ ማየት ካቃተኝ ሰነበትኩ፤ ባቡር መምጣቱን የማውቀው ብርጭቆዎቹ መደርደሪያው ላይ ሲንቀጠቀጡ ነው።

ከተማው ስለ አንተ ማውራቱን አልተወም። እውነቱን ለመናገር የሚያወራው ስለ አባባ ነው። ትኬት መሸጫ በነበረው አዳራሽ ሮዝቪታ ፀጉር ቤቷን ከከፈተች ወዲህ የሊንደንሮዳ ወሬ ሁሉ የሚታጠበውም የሚጠቀለለውም እዚያ ነው። ድሮ የሦስተኛ ማዕረግ መንገደኞች ይሰለፉበት የነበረው መስኮት ላይ ሻምፑ ደርድራለች። በቀደም በበሩ ሳልፍ የአንዷን ሴትዮ ፀጉር እየጠቀለለች፣ "ኤርቪን ነዋ! ሌላ ማን ይሆናል? ጡረታ ሲወጣ የጣቢያ ሹምነት ቀይ ቆቤን አላስረክብም ብሎ አልነበር? ሰማይ ቤት በቆብ አናስገባም ብለውት ሊመልስ መጥቶ ነው!" ስትል ሰማኋት። ሴቶቹ በሳቅ ፈነዱ። እኔን ሲያዩ ጸጥ አሉ። ሮዝቪታ ፊቷ ቀልቶ፣ "አንቺ፣ በክፉ አይደለም እኮ። እኔ ራሴ ጭጋግ ሲሆን ቆሻሻ ልጥል አልወጣም" አለችኝ።

እነዚህ እንኳን ይሁኑ፤ ይስቃሉ። የሚያስፈሩኝ የማይስቁት ናቸው። ከመሳፈሪያው የብረት ምሰሶ ሥር፣ አንተ አየሁት ባልክበት ቦታ፣ አንድ ሰው ሻማ አስቀመጠ። ሌላው አበባ ጨመረበት። ጭጋግ በሆነ ቁጥር ከሻርፌንታል ድረስ በመኪና መጥተው የሚቆሙ አሉ። እርስ በርስ አይነጋገሩም፤ ኮታቸውን ቆልፈው ወደ ሐዲዱ ያያሉ። ወደ ሥራ ስሄድ በመካከላቸው ማለፍ አለብኝ። ልጁ ናት እየተባባሉ መንገድ ይለቁልኛል፣ እኔም የሞትኩ ይመስል።

ያን ቀን የሆነውን አንተ ከእኔ በላይ ታውቀዋለህ። ግን እኔ የማውቀውን ልጻፈው፤ ከዚህ በኋላ የምነግርህ ያለ እሱ አይሆንም። የተማሪዎቹን ባቡር ይዘህ እኛ ጣቢያ ቆመህ ነበር። ሐዲዱ ነጠላ ነው፤ እንጨት የጫነው ባቡር ከሻርፌንታል ወደ እኛ እየመጣ ስለነበር ፊትህ ያለው መብራት ቀይ ነበር። አንተ ግን ተነሣህ። የሐዲድ መጋጠሚያውን እንዳለፍክ ፍሬኑ በራሱ ያዘ። እንጨት የጫነውም ከጭጋጉ ውስጥ እየጮኸ መጥቶ እንደምንም ቆመ። የሁለታችሁ የፊት መብራቶች ተፋጠው ቀሩ። የጥቂት ልጆች ግንባር አበጠ፣ የስፖርት አስተማሪው ጥርስ ተሰበረ፤ ከዚያ የባሰ አልደረሰም። ሰዎቹ መጥተው ማን ሂድ አለህ ሲሉህ፣ "ቀይ ቆብ ያደረገ ሰው የማሰናበቻውን ሰሌዳ አነሣልኝ" አልክ። ማን ነው ሲሉህ ደግሞ፣ "አባቴ ነው፤ እጁን የትም አውቀዋለሁ" አልክ።

አባባ ከሞተ ስንት ክረምት አለፈ። ጣቢያችን ቀይ ቆብ ካየ ደግሞ ከዚያም በላይ ሆነው፤ መብራቱን የሚያበራውና የሚያጠፋው ሩቅ ከተማ ኮምፒውተር ፊት የተቀመጠ፣ ሊንደንሮዳን በሕልሙም አይቶ የማያውቅ ሰው ነው። ስለዚህ ከሥራ አገዱህ። ሐሙስ መርማሪዎቹ ፊት ቀርበህ ያንኑ ከደገምክ ወደ አእምሮ ሐኪም ይልኩሃል፤ ባቡር የሚባል ነገር ሁለተኛ አያስነኩህም። አንተ ደግሞ ከባቡር ሌላ ምን ታውቃለህ? ብስክሌት እንኳን ስትነዳ አጥር ውስጥ ነው የምትገባው። ይቅር በለኝ፤ ሳላሾፍብህ መጻፍ አልችልበትም።

አንዷ መርማሪ እኛም ቤት መጥታ ነበር። ወጣት ናት፣ መነጽር ያደረገች፣ ትሑት። መስኮቱን አየች፣ ደረጃውን አየች፣ ከዚያ እማዬን፣ "ወይዘሮ ትራውትማን፣ በዚያ ጠዋት መሳፈሪያው ላይ ሰው አይተዋል?" ብላ ጠየቀቻት። እማዬ፣ "እኔ? በዚያ ጭጋግ? እንኳን ሰው ባቡሩንም አላየሁ! ይልቅ ኬክ ብይ፣ ከስተሻል" አለቻት። ሁለት ቁራጭ አስበላቻትና ሸኘቻት። በሩን እንደዘጋች አልጋዋ ላይ ወጥታ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ለልጇ አዝና ነው ብዬ ብርድ ልብስ ደረብኩላት።

እኔ አምኜህ ነበር። ይህን እንድታውቅልኝ እፈልጋለሁ። በዚህ ቤት ያደገ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲሰማ አይስቅም። ታስታውሳለህ፣ የታችኛው ቡና ቤት በሠራተኛ ጢም ብሎ፣ የዕቃ መጋዘኑ ድንችና ቦርድ ሲያስገባና ሲያወጣ፣ የውሃ ማማው ሥር የባቡር ሞተሮቹ ጭስ እየተፉ ሲጠጡ። አሁን ማማው ፈርሷል፣ መጋዘኑ ተቆልፏል፣ ቡና ቤቱ መስኮት ላይ ጣውላ ተመቷል። ይህን ያህል ሰው ሲመጣበትና ሲሄድበት የኖረ ቤት ባዶ ሲቀር ዝም አይልም። መጠበቂያው ክፍል ውስጥ አግዳሚ ወንበሩ ሰው የተነሣበት ያህል ሲንቋቋ እሰማለሁ። የሐዲድ መቀየሪያ ዘንጎቹ ተነቅለው ሙዚየም ከገቡ ስንት ጊዜያቸው ነው፤ የነበሩበት ክፍል ግን ዝናብ በመጣ ቁጥር ዘይት ይሸታል።

ያን ጠዋት ደግሞ ደወሏን ሰምቻለሁ። ከመጠበቂያው ክፍል በር አጠገብ ያለችውን ትልቋን የብረት ደወል፣ ልጆች ሆነን ጆሯችንን ይዘን የምንሸሻትን። ሠራተኞቹ ሲወጡ ሽቦዋ ተቆርጧል፤ ከዚያ ወዲህ ርግብ ነው የሚቀመጥባት። ወጥ ቤት ቆሜ ዳቦ ላይ ቅቤ ስቀባ መታች። ቢላዋው ከእጄ ወደቀ። አንድ ዙር መታች፤ ትንሽ ቆየችና ሁለተኛ ዙር መታች። ከዚያ ጸጥ አለ። ብዙም ሳይቆይ ያንተ ባቡር ሲነሣ ሰማሁ፣ ቀጥሎም የፍሬኑን ጩኸት። ለመርማሪዋ አልነገርኳትም። ከአንድ ቤት ሁለት እብድ እንዳይወጣ ፈራሁ።

ባለፈው እሑድ ፖም ላወጣ የመስፍኑ ክፍል ገባሁ። የከተማው ሰዎች ጣቢያውን ያሠሩ ጊዜ መስፍናችን ለአደን ሲመጣ ይረፍበት ብለው፣ የራሱ በር ወደ መሳፈሪያው ያለው፣ ጣሪያው ወርቅ የተቀባ ክፍል አዘጋጁለት። መስፍኑ አንድ ቀን ዝር አላለም። ኋላ መስፍንነቱም ቀረ፤ ክፍሉን ግን መጥረጋቸውን አልተዉም፣ ምናልባት ይመጣ እንደሆነ! አንተ ልጅ ሆነህ ስታስቸግር እማዬ "መስፍኑ ጋ አስገባሃለሁ" ካለችህ ሱሪህ ላይ ነበር የምትለቀው። ዛሬ የፖም ሣጥንና ያ የተጣመመ ብስክሌትህ ነው ያለበት። ከበሩ ኋላ መስቀያው ላይ ግን የአባባ ረጅሙ ጥቁር ሰማያዊ ካፖርት ተሰቅሏል፤ እማዬ ለቤተ ክርስቲያን ሰጠሁት ያለችን ካፖርት። ቀይ ቆቡ ከበላዩ ነው። ማሰናበቻዋም፣ ያቺ ዙሪያዋ አረንጓዴ የሆነ ባለ እጀታ ነጭ ሰሌዳ፣ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች።

እጅጌውን ነካሁት፤ እርጥብ ነው። እሳት በማያውቅ ክፍል ያን የመሰለ ወፍራም ሱፍ በሳምንታትም አይደርቅ። የታችኛው ጠርዝ ላይ የሐዲዱ ጥቁር ቅባት አለ። እዚያው ቆሜ ቀረሁ ወንድሜ። የሞተ ሰው በጭጋግ ወጥቶ ካፖርቱን አርጥቦ መልሶ ይሰቅላል ብዬ ያሰብኩበት ጊዜ ነበር። ከዚያ አንገትጌውን አሸተትኩት። ካምፎር ሸተተኝ። እኔው በእጄ ከፋርማሲው ለእማዬ ጉልበት የማመጣላት ቅባት ነው።

ካፖርቱን ታቅፌ ወጣሁ። እማዬ ድንች ትልጣለች። ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁላት። ቀና ሳትል፣ "ድንቹን እንዳታስነኪው፣ ቆሻሻ ነው" አለችኝ።

ይሄ ምንድነው እማዬ? አልኳት።

"ካፖርት ነዋ። ምን ይመስልሻል?" አለች።

ጮህኩባት። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ በእናቴ ላይ እንደዚያ ጮኼ አላውቅም። ልጆች የጫነ ባቡር አስነሣሽ፣ ልጅሽን ጉድ ሠራሽው አልኳት። እስክጨርስ ጠበቀችኝና፣ "ጆሮዬ ደህና ነው፣ አትጩሂብኝ" አለች። "ደወሏ መታች፣ ወረድኩ። ጭጋጉ መብራቱን ሸፍኖታል፤ እኔ መብራት ምን አውቄ? ደወል ነው የማውቀው። ባቡር ያለ አሰናባች አይሄድም።"

ከዚያ የነገረችኝን ተቀምጠህ አንብበው። አባባ ጡረታ ሊወጣ ጥቂት ዓመት ሲቀረው የስኳር በሽታው ዓይኑን ይጎዳዋል። ብርሃን ይለያል እንጂ ፊት አይለይም፤ ጭጋግና በረዶ ሲሆንማ ጨርሶ አያይም። ቢናገር ከሥራ ይወጣል፤ ቤቱም የሥራው ቤት ነበር። "ታዲያ ምን ላድርግ?" አለችኝ። "ቁመታችን እኩል። ካፖርቱ እስከ ቁርጭምጭሚት። እሱ ውስጥ ቁጭ ብሎ ስልኩን ያነሣል፣ ዘንጎቹን በዳበሳ ያውቃቸዋል፤ እኔ እወጣለሁ። ከአለቆቹ እስከ ሮዝቪታ እናት አንድም ሰው ልብ አላለም። ሰው ፊት አያይም ልጄ፣ ቆብ ነው የሚያየው።"

ነጂዎቹ ሁሉ ይቀልዱበት የነበረውን የአባባን አሸኛኘት ታስታውሰዋለህ፤ ማሰናበቻውን ከፍ አድርጎ ከሌሎቹ የጣቢያ ሹሞች ይልቅ ትንሽ የሚያቆየውን። እጁ በረዶ ላይ ደርቆ ቀረ ይሉት ነበር። በክረምት ያየኸው ያ እጅ የእናታችን ነው።

ለምን ነበር ታዲያ የምታቆዪው? አልኳት። ይህን የጠየቅኳት እንዲያው ነገር ላቀዝቅዝ ብዬ ነበር። እሷ ግን ቢላዋዋን አስቀመጠች። እጆቿን በመደረቢያዋ ጠራረገች።

"የሩትን ነገር ነግሬሽ አላውቅም" አለች። ሩት አይሁድ የሆኑት የጨርቅ ነጋዴዎች ልጅ ነበረች፤ ከእማዬ ጋር አንድ አግዳሚ ላይ ነበር የሚማሩት። እማዬ የዚህ ጣቢያ መብራት ለኳሽ ልጅ ሆና በዚሁ ፎቅ ነው ያደገችው፤ ይህን ታውቃለህ። በጦርነቱ ጊዜ አንድ ጠዋት ያንን ቤተሰብና ሌሎች ሁለት የአይሁድ ቤተሰቦችን ሻንጣቸውን አስይዘው መጋዘኑ ጎን አሰለፏቸው። ከተማው መጋረጃውን ዘጋ። አያታችንም የኛን ዘጋች። "ሩት ቀና ብላ መስኮቶቹን በተራ በተራ አየች" አለችኝ እማዬ። "እኔን ፈልጋ ነው። መጋረጃው ኋላ ሆኜ እጄን አነሣሁላት። ከዚያ ማዶ እንዴት ታየኛለች? አላየችኝም። ባቡሩ ሄደ። ከዚህ ሁሉ ሰው አንድ እንኳን ደህና ሁኑ ያላቸው አልነበረም። ከዚያ ወዲህ እጄን ካነሣሁ ቶሎ አላወርደውም። ምናልባት ገና አላዩኝ ይሆናል እላለሁ።"

አለቀስኩ። እሷ አላለቀሰችም። ተነሥታ ድንቹን ጣደች።

አሁን የምጽፍልህ ለአንተ ብቻ ነው። ደወሏ ስንት ዙር መታች? ብዬ ጠየቅኳት። "አንድ" አለች ሳታመነታ። "አንድ ዙር ማለት ከእኛ ወደ ሻርፌንታል መንገዱ ክፍት ነው። እንደመታች የመስፍኑ ክፍል ገብቼ በሩን ዘጋሁና ካፖርቱን ለበስኩ።" ያንን በር ታውቀዋለህ፤ ለመስፍን ጆሮ ተብሎ የተሠራ ወፍራም በር ነው፣ ከተዘጋ ውጭ መድፍ ቢተኮስ አይሰማም። ወጥ ቤት የነበርኩት እኔ ግን ሁለተኛውን ዙር ሰምቻለሁ። ሁለት ዙር ማለት ከዚያ ወደ እኛ የሚመጣ ባቡር አለ ማለት ነው። ሽቦ የሌላትን ደወል ማን እንደመታት አላውቅም። ማንም ይሁን ማን፣ በትክክል ነው የመታው። ይህን ለእማዬ አልነገርኳትም፣ አንተም እንዳትነግራት። የቀራትን ዕድሜ በዚያ በር ኋላ ቆማ እንድታሳልፈው አልፈልግም።

ታዲያ ልጅሽ እብድ ሲባል እንዴት ዝም አልሽ? አልኳት። "ፈራሁ" አለችኝ፣ በቃ እንዲሁ። ቤቱን ያከራየን ማዘጋጃ ቤት ውል ውስጥ ያስገባውን ታውቃለህ፤ በባቡሩ ሥራ የገባ ተከራይ በማግሥቱ ይለቃል። ከዚያ አንድ ሐኪም መጥቶ ጭንቅላቷ ዞሯል ይላል፣ ወደ አረጋውያን ቤት ይወስዷታል። ያንን ቤት እንዴት እንደምትጠላው ለአንተ አልነግርህም። "እዚያ የሚሰማው የሰው ሳል ብቻ ነው" ነው የምትለው። ቀጥላም፣ "ደግሞ ወንድምሽ አባቴ ነው ሲላቸው፣ ዝም በይ እያለኝ መሰለኝ" አለች።

እንዴት? አልኳት።

"ነጂ የሆነ ሰሞን ባቡሩን ሲያቆም በመስኮት ጎንበስ ብሎ በጋዜጣ የተጠቀለለ ቸኮሌት ካፖርቴ ኪስ ውስጥ ይከትልኝ ነበር። ጭጋግ ወይ በረዶ በሆነ ቀን ብቻ። አንድ ቀን ምንም ብሎኝ አያውቅም፣ እኔም ብየው አላውቅም።"

አባባን ሐኪሞቹ ጣፋጭ ከከለከሉት ወዲህ ቸኮሌት ቤታችን ደጃፍ እንኳን አልደረሰም ነበር፤ ለእሱ የሚሆን አልነበረም ማለት ነው። እማዬን አየኋት፤ እሷ ድንቹን ታያለች። ሌላ አልጠየቅኳትም። አንተንም አልጠይቅህም።

ትናንት ወርዳ ሮዝቪታ ዘንድ ፀጉሯን ተሠራች። ወዴት ነው ሲሏት፣ "ሐሙስ ቀጠሮ አለኝ" ብላቸው መጣች። ጥቁሩን ቀሚሷን ተኩሻለሁ፤ ከእኔ ጋር በጠዋቱ ባቡር እንመጣለን። ቤቱን ታጪዋለሽ አልኳት። ቢያስሩሽስ አልኳት። በመጨረሻ፣ እኔ ነኝ እላለሁ፣ ካፖርቱ ለእኔም ልክ ነው አልኳት። ከእግር እስከ ራስ አየችኝ። "አንቺ? አንቺ እጅሽን ስታነሺ ዝንብ የምታባርሪ ነው የምትመስዪው። እንኳን ባቡር ላም አታስነሺም" አለች። ሳቅኩ፣ ምን ላድርግ። ከዚያ ፊቷ ተለወጠና፣ "ልጄ ለእኔ ሲል እብድ ተባለ፤ እኔ መርማሪዋን ኬክ አበላኋት። ይበቃል" አለችኝ። እንደዚያ ስትል ማንም አያስቆማትም።

አረጋውያን ቤት አትገባም፤ ይህን እኔ እነግርሃለሁ። የፋርማሲው ባለቤት ከሱቁ በላይ ሁለት ክፍል አለው፣ ጠይቄው እሺ ብሎኛል። ከመስኮቱ ሐዲዱ አይታይም፤ ነፋሱ ከወዲያ ሲመጣ ግን ባቡሩ ይሰማል። የሚከብደን ከዚህ ቤት መውጣቱ ነው። ትናንት ሳትሰማኝ ወርጄ መጠበቂያውን ክፍል ጠረግኩት፤ ለማን እንደሆነ አትጠይቀኝ።

ይህን ሁሉ የጻፍኩልህ ለአንድ ነገር ነው። ሐሙስ እሷ ተነሥታ "እኔ ነኝ" ስትል፣ አንተ "አይደለችም፣ አባቴ ነው" እንዳትል። አውቅሃለሁ፣ ግትር ነህ፤ ለእሷ ስትል ዕድሜ ልክህን እብድ ተብለህ ትኖራለህ። አይሆንም። አባባን ተወው፣ አርፏል። አዳራሹ ውስጥ ስትገባ እማዬ ከፊት ትቀመጣለች፣ ምናልባት ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል እጇን ታነሣልህ ይሆናል። አንገትህን ደፍተህ እንዳታልፋት። ሰው ሁሉ እየሰማ፣ አይቼሻለሁ በላት።

እግዚአብሔር ጤናህን ይጠብቅልህ፣ እንቅልፍህን ይመልስልህ፣ በሰላም አገናኝቶ በሰላም ወደ ሥራህ ያስገባህ። ሞቅ አድርገህ ልበስ። እማዬም ሳሚልኝ ብላለች።

ታላቅ እህትህ